ዳኛው ጡረታ ሲወጡ ክለርኩ ምን ይሆናል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቶች ዳኞች እንዴት ጡረታ እንደሚወጡ፣ አጠገባቸው የሚሠሩት የሕግ ረዳቶች ማለትም ክለርኮችስ እንዴት እንደሚቀጠሩ ከተማሪዎችም ከወላጆችም ጥያቄዎች ደርሰውናል። ሁለቱ ጉዳዮች ተነጣጥለው አይታዩም፤ የዳኛው የጡረታ ጊዜ የክለርኩን ዕድል ይወስናል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ልጄ ከሕግ ትምህርት ቤት እንደተመረቀች ከአንድ የይግባኝ ዳኛ ዘንድ ለአንድ ዓመት ክለርክ ሆና ልትሠራ በደብዳቤ ተረጋግጦላት ነበር። ሥራ ልትጀምር ወራት ሲቀሯት ዳኛው «ሲኒየር ስታተስ» ሊወስዱ ነው ተባለ። እሷ አልደነገጠችም፣ እኔ ግን ሐሳብ ገባኝ። ሰውዬው ጡረታ ከወጡ ማን ያሠራታል? ደብዳቤው በእጃችን ስላለ መክሰስ አይቻልም?

መልስ፦ ልጅዎ አለመደንገጧ ልክ ነው። ሲኒየር ስታተስ ከችሎት መሰናበት አይደለም። ዳኛው ሹመታቸውን እንደያዙ ከመደበኛው ሙሉ ሥራ ይቀንሳሉ፤ ወንበራቸው ክፍት ሆኖ ፕሬዚዳንቱ ሌላ ሰው ይሾሙበታል። እሳቸው ግን ቢሮ አላቸው፣ መዝገብ ያያሉ፣ በሦስት ዳኞች ችሎት ይሰየማሉ፣ የፍርድ ሐተታ ይጽፋሉ፣ ክለርክም ይቀጥራሉ። በሙሉ ሥራ ላይ ያለ የይግባኝ ዳኛ አብዛኛውን ጊዜ አራት ክለርኮች አሉት። ሲኒየር የሆነ ዳኛ ስንት ሠራተኛ እንደሚፈቀድለት የሰርኪቱ (ዳኛው የሚሠሩበት የይግባኝ ፍርድ ቤት ክልል) የዳኞች ምክር ቤት በሚሸከመው የሥራ መጠን ይወስናል፤ ሦስት፣ ሁለት ወይም አንድ ሊሆን ይችላል። ቀደም ብሎ የተገባ ቃል በተለምዶ ይከበራል፤ ቅነሳው የሚታየው ከዚያ በኋላ በሚቀጠሩት ላይ ነው።

ያም ሆኖ ልጅዎ ዝም ብላ መጠበቅ የለባትም። ለዳኛው ጸሐፊ ደውላ ሦስት ነገር ትጠይቅ፦ ለውጡ የሚጸናበት ቀን መቼ እንደሆነ፣ በእሷ የሥራ ዘመን የክለርኮቹ ቁጥር ይቀንስ እንደሆነ፣ ቢሮው ወደ ሌላ ከተማ ይዛወር እንደሆነ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ዳኞች ሲኒየር ሲሆኑ ወደ መኖሪያቸው ቀረብ ወዳለ የፍርድ ቤት ሕንፃ መዛወራቸው ያጋጥማል፤ የቤት ኪራይ ውል ከፈረመች በኋላ ብትሰማው ኪሳራው የእሷ ነው።

የሚያሳስበው ሌላው ዓይነት መልቀቅ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ጡረታ መውጣት፣ ሥራ መልቀቅ፣ ሞት፣ ወይም ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሾም። የሰባተኛው ሰርኪቱ ዳኛ ሪቻርድ ፖዝነር በሴፕቴምበር 2017 መልቀቃቸውን ባሳወቁ ማግስት ጡረታ ወጡ፤ ሲኒየርም አልሆኑም። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲደርስ የቅጥር ደብዳቤው አያድንም። ክለርክ የሚሠራው በዳኛው ፈቃድ ነው፤ ዳኛው ከሌሉ ሥራው የለም፣ ፍርድ ቤቱም ሌላ ቦታ የመስጠት ግዴታ የለበትም። በሥራ ላይ ያሉት ክለርኮች የተጀመሩ መዝገቦችን ለመዝጋት ለተወሰነ ጊዜ ሊቆዩ ይችላሉ፤ ገና ያልጀመሩት ግን መብት የላቸውም። ክሱን ይተዉት።

እዚያ ደረጃ ከተደረሰ የሚጠቅመው ፍጥነት ነው። ለሕግ ትምህርት ቤቱ የክለርክሺፕ ቢሮ በዚያው ቀን ይነገር። የሚለቁት ዳኛ በሕይወትና በጤና ካሉ፣ በዚያው ሰርኪት ላሉ የሥራ ባልደረቦቻቸው ስልክ እንዲደውሉላት ይጠየቁ። ከሁሉም ማመልከቻ በላይ የሚሠራው ይህ ነው፤ አንድ ዳኛ አጥንቶ የመረጠውን ሰው ሌላው ዳኛ በእምነት ይቀበላል። ከዚያ በኋላ የምትገባበት የጥብቅና ድርጅት ካለ የሥራ መጀመሪያ ቀኗ ሊቀያየር እንደሚችል አስቀድማ ታሳውቀው።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። አንድ ዳኛ በቅርቡ ጡረታ ይወጡ እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል? ሰዎች «የሰማንያ ሕግ» ሲሉ እሰማለሁ፤ አልገባኝም።

መልስ፦ ልባቸውን ማወቅ አይቻልም። መብቱን መቼ እንደሚያገኙ ግን በእርሳስና ወረቀት ማስላት ይቻላል፤ ማመልከቻ ከመላክዎ በፊት ሊያደርጉት የሚገባም ይህ ነው።

የፌዴራል ዳኞች በሕገ መንግሥቱ ሦስተኛ አንቀጽ መሠረት መልካም ጠባይ እስካሳዩ ድረስ ይሠራሉ፤ የግዴታ ጡረታ ዕድሜ የለም። በፌዴራሉ ሕግ ርዕስ 28 ቁጥር 371 መሠረት ግን ዕድሜያቸውና የአገልግሎት ዘመናቸው ተደምሮ 80 ሲሞላ ሙሉ ደመወዛቸውን እንደያዙ ጡረታ መውጣት ወይም ሲኒየር መሆን ይችላሉ። ሁለት ገደብ አለው፦ ዕድሜው ከ65 ማነስ የለበትም፣ አገልግሎቱም ከ10 ዓመት ማነስ የለበትም። ስለዚህ በ65 ዓመቱ 15፣ በ66 14፣ በ67 13፣ በ68 12፣ በ69 11፣ ከ70 ጀምሮ ደግሞ 10 ዓመት ይበቃል።

ሰው የሚሳሳተው በሁለቱ ጫፎች ነው። በ45 ዓመታቸው የተሾሙ ዳኛ 63 ዓመት ሳይሞላቸው ድምሩ 80 ይደርሳል፤ መብቱ ግን 65 እስኪሞላቸው አይገኝም። በ52 ዓመታቸው የተሾሙት 65 ሲሞላቸው 13 ዓመት ብቻ ስለሚኖራቸው አይበቃቸውም፤ 66 ሲሞላቸው ከ14 ዓመት ጋር ይደርሳሉ። በ61 ዓመታቸው የተሾሙት ደግሞ በ70 ዓመታቸው ዘጠኝ ዓመት ብቻ ስላገለገሉ እስከ 71 ይጠብቃሉ። በፌዴራል ወረዳ ፍርድ ቤት በዳኝነት ያሳለፉት ዘመን ይቆጠራል። በክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት፣ ወይም ማጅስትሬት ዳኛ (የወረዳ ፍርድ ቤት ዳኞችን የሚረዳ ዳኛ) ሆነው የሠሩት አይቆጠርም። ብዙ የይግባኝ ዳኞች ከወረዳ ፍርድ ቤት ያደጉ በመሆናቸው የይግባኝ ሹመታቸውን ቀን ብቻ ያየ ሰው ስሌቱን በዓመታት ያዘገየዋል።

መረጃው ለማንም ክፍት ነው። የፌዴራል ጁዲሻል ሴንተር የዳኞች የሕይወት ታሪክ መዝገብ የእያንዳንዱን ዳኛ የትውልድ ዓመት፣ የሹመት ቀኖችና ሲኒየር የሆኑበትን ቀን ያሳያል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አስተዳደር ቢሮ ደግሞ ሁለት ዝርዝር ያወጣል፤ አንዱ አሁን ክፍት የሆኑ ወንበሮች፣ ሁለተኛው ወደፊት የሚከፈቱ። በሁለተኛው ላይ ዳኛው ያሳወቁበት ቀንና ወንበሩ የሚለቀቅበት ቀን ተለይተው ይጻፋሉ። ሌላ የሚታየው የዋና ዳኝነት ዘመን ነው። የሰርኪት ዋና ዳኛ ለሰባት ዓመት ወይም 70 ዓመት እስኪሞላው ያገለግላል፤ ዘመኑ ሲያልቅና የሰማንያው ስሌት ሲገጥም አንዳንዶች በዚያው ወደ ሲኒየርነት ያልፋሉ።

መብቱ ደርሶ የማይጠቀሙበትም አሉ። «ፌዴራል ሰርኪት» በተባለው የይግባኝ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ፖሊን ኒውማን በ1927 የተወለዱ ሲሆን በ1984 ከተሾሙ ጀምሮ ሲኒየር ሳይሆኑ ቆይተዋል። ለጤና ምርመራ አልተባበሩም በሚል የፍርድ ቤቱ የዳኞች ምክር ቤት በሴፕቴምበር 2023 አዲስ መዝገብ እንዳያዩ ያገዳቸው ሲሆን እገዳው ከዚያ በኋላም ታድሷል። ስሌቱ የሚነግርዎ በሩ የሚከፈትበትን ቀን ብቻ ነው፤ ዳኛው መቼ እንደሚወጡ አይነግርዎም።

ጥያቄ፦ ቤት ተቀምጠው ሙሉ ደመወዝ ማግኘት ከቻሉ ሲኒየር ሆነው ለምን ይሠራሉ?

መልስ፦ በ2025 የአንድ ይግባኝ ዳኛ ዓመታዊ ደመወዝ 262,300 ዶላር ነበር። ሙሉ በሙሉ የወጣ ዳኛ በወጣበት ቀን ያገኝ የነበረውን ደመወዝ ዕድሜ ልኩን ያገኛል፤ በኋላ የሚደረገው ጭማሪ ግን አይደርሰውም። ሲኒየር የሆነው ጭማሪውንም ያገኛል፤ በየዓመቱ ግን የሠራው ሥራ በሙሉ ሥራ ላይ ያለ አማካይ ዳኛ በሦስት ወር ከሚሠራው እንደማያንስ በሰርኪቱ ዋና ዳኛ መረጋገጥ አለበት። ሩብ ያህል ሥራ ማለት ነው። ብዙዎቹ ከዚያ በላይ ይሠራሉ፤ ፍርድ ቤቶቹም ያለ እነሱ መዝገባቸውን መወጣት ይከብዳቸዋል። ስሌቱ ሳይሞላ ሥራ የለቀቀ ዳኛ ግን ይህን ክፍያ ያጣል። የአራተኛው ሰርኪቱ ማይክል ለቲግ በ2006 በ51 ዓመታቸው ለቀው ወደ ቦይንግ ሲሄዱ ያን ሁሉ ትተው ነው የሄዱት።

ጥያቄ፦ ያመለከትኩባቸው ዳኛ «ተተኪዬ ሲጸድቅ» ሲኒየር እሆናለሁ ብለዋል። ይህ ቀን ነው ወይስ ምኞት?

መልስ፦ ቀን አይደለም፤ ቅድመ ሁኔታ ነው። አንዳንድ ዳኞች ለፕሬዚዳንቱ በሚጽፉት ደብዳቤ ቁርጥ ያለ ቀን ያስቀምጣሉ፤ ሌሎች ወንበሩ ባዶ እንዳይቀር ተተኪው በሴኔቱ እስኪጸድቅ እንደሚቆዩ ይጽፋሉ። ሁለተኛው ሊሻር ይችላል። የአራተኛው ሰርኪቱ ዳኛ ጄምስ ዊን በ2024 መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጻፉ፤ የታጨላቸው ተተኪ ሳይጸድቅ ቀርቶ ራሱን ሲያገል በዲሴምበር 2024 ደብዳቤያቸውን አንስተው በሙሉ ሥራቸው ቀጠሉ።

ለእርስዎ ይህ ሁኔታ መጥፎ አይደለም። ተተኪውን የማጽደቁ ሂደት በሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ ቃለ መጠይቅ፣ በኮሚቴው ድምፅ፣ ከዚያም በምልዓተ ጉባኤው ድምፅ ያልፋል። ከ2013 ወዲህ ለታችኛዎቹ ፍርድ ቤቶች ዕጩ ቀላል አብላጫ ድምፅ ይበቃል፤ ክርክሩ ከተገደበ በኋላ ግን ለይግባኝ ዳኛ አሁንም እስከ 30 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ሴኔቱና ፕሬዚዳንቱ ከአንድ ፓርቲ ሲሆኑ በወራት ያልቃል፤ ካልሆኑ ሂደቱ ሊጓተት ይችላል። ዳኛው በየትኛውም መንገድ ቢያልፉ በችሎት ላይ ስለሚቆዩ ክለርኮቻቸውን ይዘው ይቀጥላሉ።

ተተኪውንም ይከታተሉ። አዲስ የጸደቀ ዳኛ ቃለ መሐላ ፈጽሞ ቢሮ ሲገባ መዝገቡ ተደርድሮ ይጠብቀዋል፤ አራት ክለርክ በአንድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ከሁለት ዓመት በፊት የተቀጠረ ሰው የለውም። በዚህ ጊዜ የሚመረጡት ወዲያው መጀመር የሚችሉ ናቸው፦ በወረዳ ፍርድ ቤት ክለርክ የነበሩ፣ በጥብቅና ድርጅት አንድ ሁለት ዓመት የሠሩ። ውጤቱ መካከለኛ የነበረ ተመራቂ ጥሩ የሥራ ልምድ ካለው የተሻለውን ዕድል የሚያገኘው እዚህ ነው። ዕጩው ከኮሚቴው ባለፈበት ሳምንት ሰነድዎን አዘጋጅተው ይጠብቁ፤ በጸደቀ ማግስት ይላኩ። ከዚያ በፊት መላክ ዕጩውን ያስቸግራል።

ጥያቄ፦ የማመልከቻውን አካሄድ ከሀ እስከ ፐ ንገሩኝ። ማንን ልጠይቅ? በቤተሰቤ ጠበቃ የለም።

መልስ፦ በቤተሰብ ጠበቃ አለመኖሩ የሚጎዳው ያልተጻፈውን ልማድ ባለማወቅ ነው፤ እሱን እንጻፍልዎ።

ማመልከቻው በአብዛኛው የሚገባው ኦስካር በሚባለው የፍርድ ቤቶቹ የኢንተርኔት ሥርዓት ነው። አንዳንድ ዳኞች በፖስታ ወይም በኢሜይል ብቻ ይቀበላሉ፤ በኦስካር ገጻቸው ላይ ይጽፉታል፣ ያንን ሳያነቡ መላክ ከንቱ ድካም ነው። የሚያስፈልጉት የማመልከቻ ደብዳቤ፣ ሪዙሜ፣ የሕግ ትምህርት ውጤት፣ የጽሑፍ ናሙናና አብዛኛውን ጊዜ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤዎች ናቸው። የድጋፍ ደብዳቤውን መምህሩ ራሳቸው ነው ወደ ሥርዓቱ የሚያስገቡት፤ እሳቸው እስኪያስገቡ ማመልከቻዎ ሙሉ አይሆንም። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉን አዘጋጅቶ አንድ መምህር ዘግይተውበት። መምህራኑን ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ይጠይቁ፤ ሪዙሜዎንና ለክፍላቸው የጻፉትን ወረቀት አብረው ይስጧቸው፤ አንድ ሳምንት ሲቀር በትሕትና ያስታውሷቸው። «እሺ» ብለው ቀዝቀዝ ካሉ ሌላ ይፈልጉ፤ ስሙ የገነነ ሰው ከጻፈው ባዶ ደብዳቤ ይልቅ ሥራዎን በቅርብ የሚያውቅ መምህር በዝርዝር የጻፈው ይበልጣል።

የጽሑፍ ናሙናው ከ10 እስከ 20 ገጽ ይሁን፤ ሌላ ሰው ያላረመው፣ ሕጉን ከፍሬ ነገሩ ጋር አዛምዶ የሚተነትን። በክረምት ሥራ የጻፉት ከሆነ የአሠሪውን ፈቃድ ይያዙ፣ የባለጉዳዩን ስም ያጥፉ፣ ፈቃድ ማግኘትዎን በሽፋን ገጽ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጹ። የጥቅስ አጻጻፍ ስሕተት እዚህ ይቅር አይባልም፤ ክለርክ የሚቀጠረው አንዱ ለዚያው ነውና።

ጊዜውን በሚመለከት፣ ከ2019 ጀምሮ የሚሠራበት የፌዴራል ክለርኮች ቅጥር ዕቅድ አለ። የተቀበሉት ዳኞች ተማሪው ሁለተኛ ዓመቱን ጨርሶ ሰኔ እስኪገባ ማመልከቻ አይቀበሉም፣ ቃለ መጠይቅ አያደርጉም፤ ሥራ ሲሰጡም ቢያንስ 24 ሰዓት የማሰቢያ ጊዜ ይተዋሉ፣ በዚያ ጊዜ ሌላ ዳኛ ዘንድ መቅረብ ይቻላል። ግዴታ ግን አይደለም። ብዙ ዳኞች ከዕቅዱ ውጪ ናቸው፤ አንዳንዶቹ በመጀመሪያ ዓመት ውጤት ብቻ ይቀጥራሉ፣ ሥራው ከሚጀምርበት ሁለት ሦስት ዓመት ቀድመው። የተመረቁትንም ዕቅዱ አይመለከታቸውም። ስለዚህ ዝርዝርዎን ሁለት ቦታ ይክፈሉት፤ ዕቅዱን የሚከተሉና የማይከተሉ። ከላይ ያስተማርነው የሰማንያ ስሌት የሚያስፈልገውም ለሁለተኞቹ ነው፦ ከሦስት ዓመት በኋላ ለሚጀምር ሥራ የሚቀጥሩ የ64 ዓመት ዳኛ፣ እርስዎ ሲደርሱ ሲኒየር ሆነው ሊያገኟቸው ይችላሉ።

ከዕቅዱ ውጪ ያሉት ዳኞች ሥራውን ሲሰጡ በዚያው ስልክ ላይ መልስ ሊጠብቁ ይችላሉ። ያልተጻፈው ልማድ ይህ ነው፦ ቢቀበልዎት እምቢ ለማለት የሚያስቡበት ዳኛ ዘንድ መጀመሪያውኑ አያመልክቱ። በቃል የሰጡት እሺታ ያስራል፤ ከዚያ መመለስ ስምዎን ብቻ ሳይሆን የድጋፍ ደብዳቤ የጻፉልዎትን መምህራን ስምም ያበላሻል። ስለዚህ ቃለ መጠይቅ ሲይዙ በጣም የሚፈልጉትን ዳኛ በቅድሚያ ያድርጉ። እሺ ባሉበት ሰዓት የቀሩትን ማመልከቻዎች በሙሉ ያንሱ።

የት ልላክ ለሚለው፣ 13 የይግባኝ ፍርድ ቤቶች፣ በሕግ የተፈቀዱ 179 ወንበሮች አሉ። ትንሹ የአንደኛው ሰርኪት ስድስት፣ ትልቁ የዘጠነኛው 29 ዳኞች አሉት። ሁሉም ሰው የሚጎርፈው ወደ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ወደ ኒውዮርክና ወደ ካሊፎርኒያ ነው። ስድስተኛው፣ ስምንተኛውና አሥረኛው ሰርኪት ዳኞቻቸው በብዙ አነስተኛ ከተሞች ተበትነው ይሠራሉ፤ ያ ከተማ የሚስማማዎት ከሆነ ለምን እዚያ መኖር እንደሚፈልጉ በደብዳቤው ላይ በግልጽ ይጻፉት፣ ዳኛው ይፈልጉታል። ሲኒየር ዳኞችንም አይዝለሉ። ብዙ አመልካች ስማቸው ከዝርዝሩ በታች ስላለ ያልፋቸዋል፤ እነሱ ግን መዝገባቸው ስለሚያንስ ከክለርካቸው ጋር ተቀምጠው ረቂቁን ቃል በቃል ለማረም ጊዜ አላቸው። ሌላ ሰርኪት ሄደው በተጋባዥነት ሲሰየሙም ክለርኩ አብሮ ሊጓዝ ይችላል።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፣ ዜግነት ገና ነኝ። ልቀጠር እችላለሁ?

መልስ፦ ይቻላል፣ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው ያልፍበታል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ደመወዝ ከሚከፈልባቸው ሥራዎች ላይ ዜጋ ያልሆነን ሰው እንዳያሠሩ የበጀት ሕጉ ይገድባቸዋል። ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው ከገደቡ የሚወጣው ዜግነት በመፈለግ ላይ ከሆነ ነው። ዜግነት የሚጠየቅበት ጊዜ ገና ካልደረሰ፣ ሲደርስ እንደሚያመለክቱ በቃለ መሐላ ያረጋግጣሉ። ጊዜው ደርሶ ከሆነ ደግሞ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በስድስት ወር ውስጥ ማመልከት ነበረብዎ። ጥገኝነት ተሰጥቷቸው ግሪን ካርዱ ገና ያልደረሳቸውም፣ ቋሚ ነዋሪ ከዚያም ዜጋ የመሆን ፍላጎታቸውን በጽሑፍ ካሳወቁ የሚገቡበት መንገድ አለ።

አደጋው ያለው በስድስት ወሩ ላይ ነው። ዜግነት በአምስት ዓመት፣ ከዜጋ ጋር ተጋብቶ ለሚኖር ሰው በሦስት ዓመት ይጠየቃል። ቆጠራው ግን ካርዱ እጅዎ ከገባበት ቀን አይጀምርም፤ ካርዱ ላይ «ነዋሪ ከ» ተብሎ ከተጻፈው ቀን ነው። በጥገኝነት ለመጣ ሰው ያ ቀን ካርዱ ከጸደቀበት አንድ ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በስደተኝነት ተመዝግቦ ለመጣ ሰው አገር ውስጥ እስከገባበት ቀን ይመለሳል። ስለዚህ ገና ነኝ ብለው የሚያስቡት ቀን አልፎ ሊሆን ይችላል። አሁኑኑ ካርድዎን አውጥተው ቀኑን ይዩት። ማመልከቻው አምስቱ ዓመት ከመሙላቱ 90 ቀን ቀደም ብሎ መግባት ይችላል፤ ያንን ይጠቀሙበት። ለዳኛው በሚልኩት ሪዙሜ ላይም ሁኔታዎን በአንድ መስመር ይግለጹ፤ ከተቀጠሩ በኋላ በሰው ኃይል ክፍል ሲገለጥ ለሁሉም አስቸጋሪ ነው።

ስለ ክፍያው የጠየቁንም አሉ። አዲስ ተመራቂ በፍርድ ቤቶቹ የደመወዝ ስኬል በ11ኛ ደረጃ ይጀምራል። የአንድ ዓመት የሕግ ሥራ ልምድና የጥብቅና ፈቃድ ያለው 12ኛ፣ ሁለት ዓመት ልምድና ፈቃድ ያለው 13ኛ ላይ ይቀመጣል። ከምረቃ በኋላ ቀጥታ ለሚገባ ሰው የጥብቅና ፈቃድ ግዴታ አይደለም። በጊዜያዊነት የሚሠራ ክለርክ በድምሩ ከአራት ዓመት በላይ መቆየት አይችልም።

ጥያቄ፦ ዳኛው ሲኒየር ሲሆኑ ወይም ሲሞቱ በእጃቸው ያለው መዝገብ ምን ይሆናል? ክለርኩስ የጻፈው ረቂቅ?

መልስ፦ ይህን በደንብ የሚያስረዳው ከዘጠነኛው ሰርኪት የመጣ መዝገብ ነው። ዳኛ ስቲቨን ራይንሃርት በሴቶችና ወንዶች እኩል ክፍያ ጉዳይ፣ በ11 ዳኞች ሰፊ ችሎት (ከተለመደው የሦስት ዳኞች ችሎት በላይ ሆኖ ጉዳዩን የሚያይ) ላይ አብላጫውን ሐተታ ጽፈው ጨረሱ። ድምፁም ተሰጥቶ ነበር። በማርች 29 ቀን 2018 ሞቱ፤ ውሳኔው ይፋ የሆነው ግን ኤፕሪል 9 ነው። የእሳቸው ድምፅ ባይቆጠር ሐተታው አብላጫ አልነበረውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዮቪኖ እና ሪዞ በተባለው መዝገብ በፌብሩዋሪ 2019 ውሳኔውን ሻረው፤ ምክንያቱንም ዳኞች የሚሾሙት ለዕድሜ ልክ እንጂ ለዘለዓለም አይደለም ሲል አስቀመጠ። ድምፅ የሚጸናው ውሳኔው በወጣበት ቀን ነው ማለት ነው፤ ረቂቁ ተጠናቆ መቀመጡ ብቻ አይበቃም።

ከዚህ የሚወሰደው ተግባራዊ ነገር የዕድሜ ባለጸጋ ዳኛ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ክለርክ ረቂቅ ማሳደር የለበትም የሚል ነው። ለሌሎቹ ዳኞች ተልኮ መልስ ያልመጣበትን ሐተታ በየሳምንቱ በዝርዝር ይዞ ለዳኛው ማስታወስ የክለርኩ ሥራ ነው። በሦስት ዳኞች ችሎት አንዱ ቢጎድል የቀሩት ሁለቱ ከተስማሙ መዝገቡን መጨረስ ይችላሉ፤ ሁለቱ ከተለያዩ ግን ሦስተኛ ዳኛ ተመድቦ ክርክሩ እንደገና ሊሰማ ይችላል።

ሲኒየርነት ሲመጣ የሚቀየረው ሌላው የሰፊው ችሎት ጉዳይ ነው። የዚህ ችሎት አባላት በሙሉ ሥራ ላይ ያሉት ዳኞች ናቸው። ሲኒየር የሆነ ዳኛ የሚገባበት ሰፊው ችሎት የሚመረምረው ውሳኔ እሱ በነበረበት ችሎት የተሰጠ ሲሆን፣ ወይም ጉዳዩን በሰፊው ችሎት መስማት ከጀመረ በኋላ ሲኒየር የሆነ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ በሰፊው ችሎት ይታይልን በሚል አቤቱታ ላይ በሚሰጥ ድምፅ ያተኮረ ልምድ የሚፈልግ ክለርክ በሙሉ ሥራ ላይ ያለ ዳኛ ይሻለዋል። ለሌላው ሥራ ልዩነት የለም፤ ቤንች ሜሞው (ክለርኩ ከክርክሩ በፊት ለዳኛው የሚያዘጋጀው የመዝገብ ማስታወሻ) ያው ነው። ጀማሪ ክለርክ ወደ ፍሬ ነገሩ ሮጦ የሚገባው ስሕተት በሁለቱም ቢሮ አንድ ነው፤ መጀመሪያ የሚታየው ይግባኙ በጊዜው ገብቶ እንደሆነ ነው። በፍትሐ ብሔር 30 ቀን፣ የፌዴራሉ መንግሥት ተከራካሪ ከሆነ 60፣ ለወንጀል ተከሳሽ 14። ቀኑ ካለፈ እስከ 13,000 ቃል የሚደርሰውን የይግባኝ ባይ ጽሑፍ አንብቦ የተጻፈው ሜሞ ሁሉ ዋጋ የለውም።

ጥያቄ፦ ክለርክ ሆኜ በዳኛው በደል ቢደርስብኝስ? ዳኛው ጡረታ ከወጡ ጉዳዩ ያበቃል የሚል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ በከፊል እውነት ነው። በዳኛ ጠባይ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ የሚመረመረው ዳኛው በሹመት ላይ እስካለ ነው። የዘጠነኛው ሰርኪቱ አሌክስ ኮዚንስኪ ከቀድሞ ክለርኮቻቸው የወሲብ ትንኮሳ ውንጀላ ቀርቦባቸው በዲሴምበር 2017 ጡረታ ሲወጡ ምርመራውን የተረከበው ምክር ቤት ሥልጣን የለኝም ብሎ በ2018 ዘጋው። ሲኒየር የሆነ ዳኛ ግን አሁንም በሹመቱ ላይ ስለሆነ አቤቱታው አይቋረጥም። ከዚያ ጉዳይ በኋላ በ2019 የዳኞችና የሠራተኞች የሥነ ምግባር ደንቦች ተሻሽለዋል፤ ክለርኩ የዳኛውን ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታው በደልን ከማሳወቅ እንደማይከለክልም ግልጽ ተደርጓል። የሥራ ላይ አድልዎን የሚከለክለው ዋናው የፌዴራል ሕግ ለክለርኮች ስለማይሠራ፣ ቅሬታዎን የሚያቀርቡት በእያንዳንዱ ሰርኪት ባለው የሠራተኞች ቅሬታ ዕቅድ ነው። የሰርኪቱን የሥራ ቦታ ግንኙነት ኃላፊ ስምና ስልክ ሥራ በጀመሩበት ሳምንት ይያዙ። ቀኑን፣ የተባለውንና በቦታው የነበረውን ሰው በራስዎ ማስታወሻ ይመዝግቡ፤ በፍርድ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አይሁን።

ጥያቄ፦ ዳኛ ቢለቁ የማይፈርስ ሥራ የለም?

መልስ፦ አለ። የይግባኝ ፍርድ ቤቶቹ የስታፍ አተርኒ ማለትም የፍርድ ቤቱ የራሱ የሕግ ባለሙያዎች ቢሮ አላቸው። የሚቀጥረው ፍርድ ቤቱ ራሱ ስለሆነ የአንድ ዳኛ ጡረታ አይነካዎትም፤ ውሉ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ነው። የሚታዩት የእስረኞች፣ ያለ ጠበቃ የሚከራከሩ ሰዎችና በአንዳንድ ሰርኪቶች የኢሚግሬሽን ይግባኞች ናቸው። በኢሚግሬሽን ሕግ መሥራት ለሚያስብ ሰው በዓመት ውስጥ የሚያያቸው መዝገቦች ብዛት ከአንድ ዳኛ ቢሮ ይበልጣል። ማስታወቂያው በኦስካርም ይወጣል፤ ቢሮዎቹ ብዙ ጊዜ በመከር ወራት ለሚቀጥለው ዓመት ስለሚቀጥሩ በኦገስት መጨረሻ ሰነድዎ ዝግጁ ይሁን። ቋንቋ መቻልዎን በሪዙሜው ላይ አይርሱት።